አቃቂ፦ ወንዙና ፋብሪካው

ሰሞኑን ስለ ከተሞች ስናስተምር አንዲት ተማሪያችን እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ፋብሪካ ለምንድነው ወንዝ ዳር የሚሠራው?» አለችን። ልጅቷ እዚሁ ካኩማ የተወለደች ናት። ወንዝ ሲባል የምታውቀው ዝናብ ሲጥል ድንገት የሚሞላውን፣ ሌላ ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነውን ታራችን ነው። እኛም መልሱን ከአቃቂ ጀመርንላት።

አቃቂ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ያለ ሰፈር ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚባሉት ወንዞች ከሰሜኑ ደጋ ተነስተው፣ ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። መሬቱ ድሮ የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻና ግጦሽ ነበር። የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አቃቂ ከዋና ከተማው ቀድማ ባቡር አየች ማለት ነው! በ1935 ደግሞ የሬዲዮ ጣቢያ ተመረቀባት።

ሐዲድ ዕቃ ያመጣል፣ ወንዝ ውሃ ይሰጣል፣ ሜዳው ሰፊ ነው። ጨርቅ ማንጣትና ማቅለም ያለ ብዙ ውሃ አይሆንም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከህንዶች ጋር በሽርክና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትልልቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ የመንግሥት ሆነ። የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ዕቃ ፋብሪካዎችም ተከተሉ።

ሠራተኛው ከየክፍለ ሀገሩ መጣ። ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ወላይታው በአንድ ግቢ ተከራይቶ፣ በአንድ ዕድር ተቀባብሮ ኖረ። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «ዛሬ የቀን ነህ የማታ?» ነበር የሚባባለው። ፈረቃው እኮ የሰፈሩ ሰዓት ነበር።

ወንዙስ? ውሃ የሰጠውን ወንዝ ቆሻሻ መለስንለት። የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎች ፍሳሽ፣ ከላይ ያለው ከተማ ሽንት ቤት ጭምር ወደ እሱ ተለቀቀ። ተመራማሪዎች በውሃውና በዳርቻው በሚበቅለው አትክልት ውስጥ ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። አባ ሳሙኤልን እንቦጭ ወረረው። ገበሬው ግን ሌላ ውሃ የለውምና ጎመኑን፣ ቆስጣውን፣ ሰላጣውን በዚያው ያጠጣል፤ ከላይ ያለው ከተሜም ገዝቶ ይበላዋል። የደፋነው ዞሮ ማዕዳችን ላይ መጣ!

ታሪኩን ስንጨርስ ያቺው ልጅ «ታዲያ ቲቸር፣ ፋብሪካው ይዘጋ?» አለችን። አይዘጋም፤ ስንቱ ልጁን ያስተማረው በዚያ ደመወዝ ነው። ፍሳሹን አጣርቶ መልቀቅ ግን ይቻላል፤ ገንዘብና ጠያቂ ሰው ይፈልጋል እንጂ።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህም ቧንቧችን ሥር የሚደፋ እጣቢ አለ። ልጆቻችን ነገ የትም አገር ገብተው ፋብሪካ ቢያቆሙ፣ «ውሃ ከየት ይመጣል?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ወደ ማን ይወርዳል?» የሚለውንም አብረው እንዲጠይቁ ከአሁኑ እናስለምዳቸው።