ሌሊቱን ቆማ ያደረችው እህታችን

በስምጥ ሸለቆ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ ሆስፒታል ውስጥ ዘመድ እያስታመምን አንድ ሌሊት አድረን ነበር። ተረኛዋን ነርስ «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አልቋል» ብንላት «አይቼዋለሁ» ብላ ፊቷን አዙራ አለፈች። ተቀየምን። ለሱብሒ ስንነሳ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትቀመጥ እንዳላየናት ትዝ አለን። ጥግ ይዛ ቆማ የቀዘቀዘ ሻይ ትጠጣ ነበር። ቅያሜያችን እፍረት ሆነ።

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። የጅቡቲ ጭነት በእርሷ ያልፋል፤ የአሰላና የድሬዳዋ መንገደኛም እንዲሁ። የመኪና አደጋ ደግሞ ሰዓት አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ1946 ሚሲዮናውያን የከፈቱት የከተማይቱ ሆስፒታል ዛሬ የሕክምና ኮሌጅ ሆኖ ከዙሪያው ከተሞች የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ጫና የሚመጣን መሰላቸት ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መዝግቦታል። ምልክቶቹም የጉልበት መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽና «ሥራዬ ፍሬ የለውም» የሚል ስሜት ናቸው። እኛ ግን ይህን ሁሉ «ጸባይ የላትም» ብለን እንዘጋዋለን! ሥራ የበዛበት ሁሉ አይሰላችም። የሚያግዝ ባልደረባ፣ የሚያዳምጥ አለቃ፣ በቂ ጓንትና መድኃኒት ያላት ነርስ ደክሟትም ሥራዋን ትወዳለች። መድኃኒት ሲጠፋ የአስታማሚው ቁጣ የሚያርፈው ግን በእርሷ ላይ ነው።

ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) ቁስለኞችን ታክም የነበረችው በመዲናው መስጂድ በተተከለ ድንኳን ነበር። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉትን ሰዕድ ኢብን ሙዓዝን (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደዚያ እንዲወሰዱ አዝዘዋል። ድካሟን ሰው ሁሉ ያይ ነበር። የእኛዋን ማን ያያታል?

ቤቷ ስትገባ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል፤ ልጅ፣ ምሳ፣ እንግዳ። በአዳማ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን መተኛት ምን ያህል እንደሚከብድ የኖረበት ያውቀዋል። ጋደም ስትል ደግሞ «ቀኑን ሙሉ ተኛች» ትባላለች። ባሎች ሆይ፣ የዚያን ቀን ምሳ መሥራት ያቅተናልን?

የልጃቸው ሚስት ነርስ የሆነች አንዲት እናት ይህ ዘግይቶ እንደገባቸው አጫውተውናል። አሁን ከአዳር በተመለሰች ማግስት ሙቀጫቸውን ይዘው ጎረቤት ይሄዳሉ፤ ቡናው እዚያ ይወቀጣል፣ ልጆቹም ተከትለዋቸው ይወጣሉ። እርሷም እስከ ዙህር ትተኛለች።