ቫይረስ ጂንን ዝም ሲያሰኝ

የዳቦ ስንዴ አብዛኞቹን ጂኖች በሦስት ቅጂ ይይዛል። አንዱን ብታጠፉት ሁለቱ ይሸፍኑለታል። ታዲያ የጂኑ ሥራ ምን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

እኛ ቫይረስ እንጠቀማለን። ገብስን በሚያጠቃ ቫይረስ ውስጥ ከስንዴው ጂን የተወሰደ አጭር ቁራጭ እንጨምራለን። ከዚያ ቫይረሱን ከሻካራ ዱቄት ጋር ቀላቅለን፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ የቡቃያውን ቅጠል ከሥር ወደ ጫፍ እናሸዋለን። ተክሉ ራሱን ሲከላከል የቫይረሱን አርኤንኤ ይከትፋል፤ በተከተፉት ቁርጥራጮች እየተመራም የሚመሳሰለውን ሁሉ ያጠፋል፣ የራሱን ጂን መልእክት ሳይቀር። ሦስቱም ቅጂዎች አብረው ዝም ይላሉ።

ዘዴው መሥራቱን ለማየት ፒዲኤስ በተባለው ጂን እንጀምራለን። ክሎሮፊልን ከብርሃን ጉዳት የሚጠብቀው ካሮቲኖይድ ያለ እሱ አይመረትም፤ ስለዚህ አዲሱ ቅጠል ነጭ መስመር እያወጣ ይመጣል። ሁሌም የሚያስደንቀኝ እይታ ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የቅጠል ዋግን የሚቋቋመው ኤልአር21 የተባለ ጂን ያለ ሦስት ረዳት ጂኖች እንደማይሠራ ያሳየው በዚሁ መንገድ ነው።

የስንዴው ዘረመል አይለወጥም፣ ዝምታውም ከጊዜ በኋላ ይደክማል። ስለዚህ ከዚህ ዘዴ ለገበሬ የሚሰጥ ዝርያ አይወጣም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ቁራጩ የሌለበት ቫይረስ የተቀባ ማነጻጸሪያ ተክል። ቫይረሱ ብቻውንም ቅጠል ያሳምማልና።