የጅማና የጋምቤላ ርቀት በምድርና በአየር

ቀድሞ በኢትዮጵያ የሁለት አገር ርቀት ሲጠየቅ መልሱ የሚነገረው በቀን ቍጥር ነበር፤ መንገደኛውም ስንቁን የሚሰፍረው በዚሁ ነው። ዛሬ ኪሎ ሜትሩ ሁሉ ተለክቶ ሳለ፥ የአባቶች አቈጣጠር ፈጽሞ ስሕተት እንዳልነበረ የጅማና የጋምቤላ መንገድ ያስረዳል።

የሁለቱ ከተሞች የአይሮፕላን ማረፊያዎች በቀጥታ ሲለኩ የሚራራቁት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምድር ግን ከጅማ በአጋሮ አልፎ፥ የዴዴሳን ወንዝ ተሻግሮ፥ በበደሌና በመቱ በኩል ጎሬ ደርሶ፥ ከዚያም ከደጋው ወደ ባሮ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከፈቀዱ በኋላ፥ የጎሬ ቡና በዚሁ ቍልቍለት በበቅሎ እየተጫነ ይወርድ ነበር። ቡናው የሚለቀመውና መንገዱ የሚደርቀው በበጋ ሲሆን፥ ወንዙ ሞልቶ ከካርቱም መርከብ የሚመጣው ግን በክረምት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከመንገዱ ይልቅ መጠበቁ ይረዝምበት ነበር።

ወደ አየሩ ስንመለስ፥ ዳሽ 8 ኪው 400 የተባለው አይሮፕላን በሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ ከጅማ ጋምቤላ 23 ደቂቃ ብቻ መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን 40 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ነው። ምክንያቱም አይሮፕላኑ በምድር ተንደርድሮ ከተነሣ በኋላ ከፍታውን እስኪይዝ፥ ለማረፍም ሲቃረብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በአጭር መንገድ ላይ በሙሉ ኃይሉ የሚበርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የጅማ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር፥ የጋምቤላው ግን ወደ 540 ሜትር ስለ ሆነ መንገደኛው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከደጋው ነፋስ ወደ ቆላው ሙቀት ይወጣል። ሙቀቱም ሆነ ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው በሁለቱም ስፍራ ለመነሣት የሚያስፈልገው ሜዳ ይረዝማል።

ይሁንና ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነገር የመስመሩ አመራር ነው። መንገደኛው በአዲስ አበባ በኩል የሚዞር እንደ ሆነ፥ ከጅማ አዲስ አበባ 260፥ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ 475 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ 250 የነበረው ወደ 735 ይደርሳል። በአየር ላይ ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በመካከል የሚቈይበት ሲጨመር ቀኑ ያልቃል፤ የቀጠለው በረራ ካመለጠውም ያድራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የደቡብ ምዕራብ ሕመምተኞች የሚላኩበት ስለ ሆነ፥ ከጋምቤላ ለሚመጣ በሽተኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በሽተኛው ያለ አስታማሚ ስለማይሄድ ዋጋውም እጥፍ ነው።

እርግጥ ነው፥ ከ70 በላይ ወንበር ያለውን አይሮፕላን በሁለቱ ከተሞች መካከል በየቀኑ መሙላት አይቻልም፤ በባዶ የሚበር አይሮፕላንም ነዳጁን የሚበላው ከሞላው እጅግ ባነሰ መጠን አይደለም። ነገር ግን በሳምንት ውስጥ የታወቀ ቀን ተቈርጦ በቀጥታ የሚበርበት ቢሆን፥ ሐኪሙ ቀጠሮውን፥ ነጋዴውም ጕዳዩን በዚያ ቀን ሊያስማማ ይችላል። የባሮ ነጋዴዎች መርከቡ የሚመጣበትን ወራት አስቀድመው ያውቁ ስለ ነበር ቡናቸውን በጊዜው አውርደው ያከማቹ ነበር።