ሞደሙ መልሷል፣ እኛ አልሰማንም



በረመዳን የኢፍጣር ቦታ ሲቀየር ለጀመዓችን የምናሳውቀው ሲም ካርድ በገባበት ሞደም ነው። ፕሮግራሙን በሲ ቋንቋ የጻፍነው እኛው ነን። አንድ ምሽት አንዳንዱ ወንድም ሦስት ጊዜ ሲደርሰው፣ ጭራሽ ያልደረሳቸውና በውሃ ብቻ ያፈጠሩ እህቶች ነበሩ።

ጥፋቱ የሞደሙ አልነበረም። ሪድ የሚባለው ፈንክሽን በሲሪያል ፖርቱ እስከዚያ የደረሰውን ባይት ይሰጣል እንጂ ምላሹ እስኪያልቅ አይጠብቅም። "ኦኬ" ከሚለው አንዴ "ኦ"ን፣ ቀጥሎ "ኬ"ን ሊያመጣ ይችላል። እኛ አንዴ አንብበን ስናጣው ደግመን እንልክ ነበር። መድረሳ የቀራን እናውቀዋለን፤ ትንፋሽ ያለቀበት ሁሉ የአያ መጨረሻ አይደለም።

ያልደረሳቸውስ? ሪድ ከጽሑፉ ኋላ የማብቂያ ዜሮ አይጨምርም። ስለዚህ ባፈሩ ውስጥ የቀረውን የቀድሞ "ኦኬ" አንብበን ተልኳል አልን። ይሄኛው ይብሳል፤ ስህተት መሆኑ እንኳ አይታይም።

አሁን ሪድ የመለሰውን ቁጥር አይተን ዜሮውን ራሳችን እናስቀምጣለን። የመጣውን እያጠራቀምን፣ "ኦኬ" ወይም "ኤረር" ብቻውን በአንድ መስመር እስኪመጣ እንጠብቃለን። ሞደሙ መልሶ የሚያስተጋባው የራሳችን ትእዛዝ ምላሽ አይደለም። ጽሑፍ ላኩ የሚለው የ">" ምልክት ግን ያለ መስመር ማብቂያ ስለሚመጣ ለብቻው ይፈተሻል። ቪታይም የሚቆጠረው በሴኮንድ አንድ አስረኛ ነው፤ 10 ማለት አንድ ሴኮንድ። ኔትወርኩ ከዚያ በላይ ሊዘገይ ይችላል፤ ዝም ሲል ወዲያው ደግመን አንልክም፣ ስሙን ጽፈን እንደውላለን።