የሰርቪስ መዝገብ የሌለው ያገለገለ መኪና ስትገዙ

«በየጊዜው ሰርቪስ ተደርጓል» የሚል ሻጭ ብዙ ነው፤ ወረቀት የሚያሳይ ግን ጥቂት። ወረቀት ባይኖርም መኪናው ራሱ ይናገራል። እኛ ጋራዥ ውስጥ የምናየው ይህን ነው፦

1. ተለጣፊ፦ ከጃፓን የመጣ መኪና በር ጠርዝ ወይም ሞተር ክፍል ላይ ዘይት አሊያም ታይሚንግ ቤልት የተቀየረበት ቀንና ኪሎሜትር አንዳንዴ ተለጥፎ ይገኛል። ዓመቱ 20 ቢል አትደናገሩ፤ በጃፓኖች የሄይሴይ ዘመን 2008 እ.ኤ.አ. ነው። ተለጣፊው 120,000፣ ዳሽቦርዱ 90,000 ካሉ ቆጣሪው ተነክቷል።

2. ዘይት፦ ሞተሩ ሳይነሳ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ከስሩ የተጋገረ ጥቁር ዝቃጭ ካለ ዘይቱ በወቅቱ አልተቀየረም።

3. ቀዝቃዛ ሞተር፦ ጭስና ኳኳታ የሚጋለጠው ገና ሲነሳ ነው። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ቅጠሩት።

4. ታይሚንግ፦ የኮሮላ 1ዜድዜድ ሞተር በሰንሰለት፣ የሃይሉክስ 5ኤል ናፍጣ ሞተር በቤልት ይሠራል። ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ፤ ጥገናውም ከባድ ነው።

ሕጉ አጭር ነው፦ ማስረጃ የሌለውን ሥራ እንዳልተሠራ ቁጠሩት። ቤልት፣ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት ስንት እንደሚፈጁ አስገምቱና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።

ሻጩ ወደ መረጣችሁት ጋራዥ አልሄድም ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ። ልትገዙ ያሰባችሁትን ሞዴል ጻፉልኝ፤ ቤልት ይሁን ሰንሰለት እነግራችኋለሁ።