ጥያቄ የሚፈራው ማነው? ስለ ቃለ መጠይቆቻችን ጥቂት ማብራሪያ

 

እንግዳ ባቀረብን ቁጥር ሁለት ዓይነት ወቀሳ ይደርሰናል። አንዱ "እንግዳ ይከበራል እንጂ ይፋጠጣል ወይ?" የሚል ነው። ሌላው "ያንን ሰውዬ ደግሞ ምን ብላችሁ አቀረባችሁት?" የሚል። ሁለቱም ከቅን ልብ እንደሚመጡ እናውቃለን። ግን ቃለ መጠይቅ ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ ማን ማን እንደሚፈራው፣ ዛሬ ደግሞ ምን እያበላሸው እንደሆነ ብንነጋገር ይሻላል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

በመጀመሪያ ነገር፣ ማፋጠጥ የፈረንጅ ባህል ነው የሚለውን አንቀበልም። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር "ተጠየቅ!" እየተባባሉ፣ በላ ልበልሃ እየገጠሙ የተሟገቱ ሰዎች ናቸው። ተሟጋቹ ጥሩ ጥያቄ ሲያነሳ ችሎቱን የከበበው ሕዝብ ይደነቅ ነበር። ነውሩ መጠየቅ አልነበረም፤ ነውሩ ለጥያቄ መልስ ማጣት ነበር። መቼ እንደተገለበጠብን እንጃ።

በ1972 ኦሪያና ፋላቺ የምትባል ጣሊያናዊት ጋዜጠኛ አዲስ አበባ ሄዳ ጃንሆይን አነጋገረች። ስለ 1960ው የታኅሣሥ ግርግር ስትጠይቃቸው ስለዚያ ማውራት አልፈለጉም። እሷም አልተወችም፣ ዞራ መጥታ ያንኑ ጠየቀች። በመጨረሻ ስለ ሞት ስታነሳባቸው ተቆጡና ንግግሩ በዚያው አበቃ። አረጋዊ ንጉሥን እንዲህ ማድረግ ብልግና ነው የሚሉ አሉ፣ ለኛም ጆሮ ይጎረብጣል። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር እናገኝበታለን። መልስ ያልተሰጠው ጥያቄ ራሱ መልስ ሆኖ ቀረ። ቤተ መንግሥቱ ከ12 ዓመት በፊት ስለተሞከረበት መፈንቅለ መንግሥት ማውራት አይፈልግም ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ያወጣው የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ ሲባል ግን ጩኸት ማለት አይደለም። የሸገሯን መዓዛ ብሩን አስቡ። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ እንግዳውን ከልጅነቱ፣ ከሰፈሩ፣ ከእናቱ ቤት ታስጀምረዋለች፣ ጨዋታው አንዳንዴ ለሳምንታት ይቀጥላል። ሰውዬው ዘና ብሎ ሲያወራ ሊናገር ያላሰበውን ሁሉ ይናገራል። የሷ ሁለተኛ ጥያቄ "እንዴት?" የምትል አጭር ቃል ልትሆን ትችላለች። በኛ ግምት ከመቶ ጩኸት ይበልጣል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት እዚሁ ዋሽንግተን በ1982 ተጀመረ፤ ኦሮምኛና ትግርኛ በ1996 ተጨመሩ። የሚገርመው፣ እኛ እዚህ ያለነው በሕጉ መሠረት አድማጮቹ አልነበርንም። ከ1948 ጀምሮ የነበረው ሕግ ለውጭ አገር የተዘጋጀ ስርጭት አሜሪካ ውስጥ እንዳይሰራጭ ይከለክል ነበር፣ እስከ 2013 ድረስ። ማን ሰምቶ! ዳለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅን በኢንተርኔት ስንሰማው ነው የኖርነው። የምንወደው ደግሞ ተቃዋሚው ከተናገረ በኋላ ባለሥልጣኑ ሲቀርብ፣ ባለሥልጣኑ ከካደ በኋላ ደግሞ የቀበሌው ነዋሪ በስልክ ሲመጣ ነው። "ደውለን ልናገኛቸው አልቻልንም" የምትለዋ አረፍተ ነገር እንኳ ክብደት ነበራት።

አዎ፣ በጀቱ የአሜሪካ መንግሥት ነው። ሚዛኑ ተዛብቷል እያሉ ከዚህም ከዚያም የሚወቅሱት ብዙ ነበሩ፣ አንዳንዱም ወቀሳ እውነት ነበረው። ግን የተፈራው ለምን እንደሆነ እዩ። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ አምስት የክፍሉ ጋዜጠኞች፣ እዚህ ዋሽንግተን ተቀምጠው፣ አዲስ አበባ ላይ ከተቃዋሚ መሪዎች ጋር ተከሰሱ፤ ክሱ በ2006 ማርች ላይ ተነሳላቸው። በ2010 ማርች 18 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጣቢያውን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ አቅሙ ሲኖር ሞገዱ እንዲታፈን እንደሚያዙ ለጋዜጠኞች ተናገሩ።

ሞገድ ማፈን የድሮ ዘዴ ነው። ቀጥሎ የመጣው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ድረስ፣ ቤታችን ውስጥ ገባ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የአሜሪካ ዜጋ ወገናችን፣ ፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የሚያውቀው፣ በኢሜይል የተላለፈለትን የዎርድ ፋይል ከፈተ። በፋይሉ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ፕሮግራም ነበር። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የስካይፕ ንግግሮቹን እየቀዳ፣ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገውን እየመዘገበ ወደ ኢትዮጵያ ይልክ ነበር ሲል በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 ማርች ላይ፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥት በዚህ ሊከሰስ አይችልም ብሎ ዘጋው። ሰውየው ቁጭ ብሎ የተሰለለው በገዛ ሳሎኑ ነው፤ ሕጉ ግን እንዲያ አለ።

በ2013 ዲሴምበር 20 ደግሞ የኢሳት ባልደረቦች ላይ፣ አንደኛው እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ የሚሠራ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞከረ። የሚያውቁት ሰው የስካይፕ ስም ጽሑፍ የሚመስል ፋይል ላከላቸው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ መርምሮ ፕሮግራሙ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሥራ መሆኑን ጻፈ። መንግሥት በወቅቱ አስተባበለ። በ2015 ግን የኩባንያው ኢሜይሎች ተሰርቀው ሲወጡ ከኢንሳ ጋር የነበረው ግብይት በአደባባይ ተነበበ። ጋዜጠኛ ጋ ምን ይፈለጋል? ማን እንደሚያናግረው ነዋ። እንግዳው አገር ቤት ዘመድ አለው፤ ስሙ ሳይገለጽ የተናገረው ደግሞ የባሰ አደጋ አለበት። እኛም እንግዳ ነኝ ብሎ ፋይል የሚልክልንን ሰው መጀመሪያ በስልክ ድምፁን ሳንሰማ የማንከፍተው ለዚህ ነው። ኩራት እንዳይመስላችሁ።

ይህን ሁሉ ያለፈውን የአማርኛ ስርጭት ዝም ያሰኘው በመጨረሻ አዲስ አበባ አይደለም። በ2025 ማርች 14 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ትዕዛዝ ፈረሙ፤ በማግስቱ ከ1,300 በላይ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በግዳጅ ፈቃድ ወጡ፣ ስርጭቱም ተቋረጠ።

እንግዲህ የቀረው ዩቲዩብ ነው፣ እኛም ያለንበት። እዚህ ሳንሱር የለም፣ ጃሚንግ የለም። ያለው ሒሳብ ነው። አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገንዘብ ማግኘት እንዲችል አንዱ መንገድ 1,000 ተከታታይ ማፍራትና በዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ነው። ቪዲዮው ከ8 ደቂቃ ካለፈ በመሀሉ ማስታወቂያ መክተት ይቻላል። አሜሪካ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያስገኘው የማስታወቂያ ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው አገር ቤት ከሚያየው ይበልጣል። ስለዚህ ማን ይደሰት ተብሎ ነው የሚሠራው? እናንተ። እኛ ዲያስፖራዎቹ።

ለዚህ ነው ከቪዲዮው ፊት የሚለጠፈው ፎቶ ላይ አፉን የከፈተ ሰው፣ ቀይ ቀስትና "ጉዱ ወጣ" የሚል ጽሑፍ የምታዩት፤ ውስጡ ስትገቡ ጉዱም የለም፣ የወጣም የለም። ከዚህ የባሰው ግን እንግዳው ጠያቂውን መምረጡ ነው። ፖለቲከኛው የሚያወድሰው ቻናል ጋ ይሄዳል፣ የሚፋጠጥበት ጋ አይሄድም። አቅራቢውም ሁለተኛውን ጥያቄ ቢያነሳ እንግዳውን ያጣል፣ ተመልካቹም "ተላላኪ" ብሎ ይወጣበታል። ሁለቱም ተስማምተው አንድ ሰዓት ሙሉ ራስ ለራስ ይነቀናነቃሉ። ይህን ቃለ ምልልስ ነው እንበል፣ መጠየቁ ግን የለበትም።

በቴክኖሎጂውም ያው ነው። ትምኒት ገብሩን የመሰለች ሰው ስትገኝ የምንጠይቃት "በአንቺ ኮርተናል፣ ምን ተሰማሽ?" ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ስለ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አደጋ በተጻፈ ጥናት ምክንያት በ2020 ዲሴምበር ከጎግል የተለያየች ምሁር ናት፤ እሷ አባረሩኝ ትላለች፣ ኩባንያው ራሷ ለቀቀች ይላል። በአማርኛ የሚጻፈውን የጥላቻ ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ማን ነው የሚያጣራው? ስንት ሰው? ማሽኑስ ግዕዝ ፊደል ምን ያህል ያነባል? በ2021 ኦክቶበር ፍራንሲስ ሆገን በሴኔቱ ፊት የኢትዮጵያን ስም ያነሳችበት ጉዳይ እኮ ይኸው ነው። ከኩራቱ ይልቅ ይህ ነው ለናንተም ለልጆቻችሁም የሚጠቅመው።

ሽማግሌዎቻችንም እየሄዱብን ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 ቤታቸው በወታደር ተከብቦ በጥይት ቆስለው፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው፣ ለብዙ ዓመታት ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ላይ የብራና መጻሕፍታችንን ሲያነቡና ሲመዘግቡ ኖሩ። በ2021 ጁን ሲያርፉ ገና ያልተጠየቁት ስንት ነገር ነበር።

ከዚህ በኋላ የምናደርገውን ልንገራችሁ። የሽማግሌ እንግዳ ቪዲዮ መሀል ላይ ማስታወቂያ አናስገባም። ማንኛውም ፖለቲከኛ ሲቀርብ ያላለቀውን ሙሉ ቅጂ ከአጭሩ ጋር አብረን እንለቃለን። "ጥያቄውን አስቀድማችሁ ላኩልኝ" ላለን እንግዳ ርዕሱን እንነግረዋለን፣ ጥያቄውን ግን አንሰጥም። "አልመጣም" ያለንንም ስሙን፣ ስንት ጊዜ እንደደወልን፣ ምን ብሎ እንደመለሰልን ከዝግጅቱ መጀመሪያ ላይ እናነባለን።