በመርከብ ወደ ዛንዚባር ከመሻገርዎ በፊት

ለጫጉላም ሆነ ለእረፍት ወደ ዛንዚባር ሊሄዱ አስበዋል? ከዳሬሰላም ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግረው ፈጣን መርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ነፋስ ሲበረታ ግን ይህ አጭር ጉዞ ለብዙዎች የማጥወልወልና የማስመለስ ጉዞ ይሆናል።

ችግሩ የሚነሳው ከጨጓራ አይደለም። ውስጠኛው የጆሮ ክፍል መርከቡ እንደሚናወጥ ለአንጎል ይነግራል፤ ዓይን ግን የቆመ ወንበርና ግድግዳ ያያል። መልእክቶቹ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ማቅለሽለሽና ቀዝቃዛ ላብ ይከተላል።

የብዙዎች ስህተት መድኃኒቱን ማስመለስ ከጀመራቸው በኋላ መዋጣቸው ነው። ያን ጊዜ ክኒኑም አብሮ ይወጣል። እንደ ዳይመንሃይድሪኔት ያለው መድኃኒት ከመሳፈርዎ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ከመርከብ እንደወረዱ መኪናም ሆነ ሞተር ሳይክል አይንዱ፤ አልኮልም አይጠጡ። ነፍሰ ጡሮች፣ የግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለባቸው ሰዎች፣ እንዲሁም ሕፃን ይዘው የሚጓዙ ወላጆች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

በመርከቡ መካከለኛ ክፍል ይቀመጡ። ስልክዎን ትተው ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ይመልከቱ። ሆድዎ ባዶም፣ ከልክ በላይ የጠገበም አይሁን። ካስመለስዎት ኦአርኤስ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ።

ከመርከብ ወርደው ካረፉ በኋላ ማስመለሱ ካልቆመ ወይም ትኩሳት ከተሰማዎት ግን «ባሕሩ ነው» ብለው አይለፉት። በዛንዚባር ወባ ቢቀንስም አልጠፋም። ትኩሳቱ ወደ ቤትዎ ከተመለሱ ከሳምንታት በኋላ ቢመጣ እንኳ ሳይዘገዩ ይመርመሩ፤ የት እንደነበሩም ለሐኪምዎ ይንገሩ።